የእትዬ ብርቄን ጭኮ የበላሁበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ ይህን ተረት የነገሩን አሮጊቷ ጎረቤታችን አዴ ሎሚ ናቸው። አሰላ ውስጥ ከእኛ ግድግዳ ጋር የተያያዘች አንዲት ክፍል ነበረቻቸው፤ ክረምት ሲገባ ብርዱ አጥንት ይሰብራልና የሰፈሩ ልጆች አመሻሽ ላይ ፍማቸውን ከበን፣ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበው፣ በኩራዝ ብርሃን አፍ አፋቸውን እናይ ነበር። ያኔ ከልጆቹ መሃል አንዲት ትልቅ ሰውም ትቀመጣለች፤ የጎረቤታችን ሙሽራ እትዬ ብርቄ፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች።

እኔ ከልጅነቴም ዓይኔ አያርፍም። ሆዷ እየገፋ ጉንጯ ሲጎድል አይቻለሁ፤ ምክንያቱን የማውቀውም እኔ ብቻ ነበርኩ። አማቷ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በየሳምንቱ ከአገሯ ከጮሌ ከተማ ይልኩላታል፤ እሷ ግን ልጁ ከገዘፈ ምጡ ይገድላል ሲባል ሰምታ፣ ጓሮ ጠርታ እኔን ታጎርሰኛለች። እንዳልናገር በማርያም አስምላኛለች። ጭኮ እየጎረሰ ማን ይናገራል? እናቴ ቀሚስሽ ጠበበ እያለች ስፌቱን ሁለት ጊዜ ለቀቀችልኝ።

አንድ ምሽት አዴ ሎሚ ስለ አንዲት እርጉዝ ተረቱልን። ሴትዮዋ ልጄ ትንሽ ሆኖ ሹልክ ይበልልኝ ብላ ምሳውን ስትተው፣ እራቱን ስትተው፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ አገር ምድሩን ረሃብ የመታው መሰለው። ምስኪን እናቴ የምትቀምሰው አጥታለች፣ ወጥቼ እህል ልፈልግላት አለና፣ ወሩ ሳይሞላ፣ ጥፍሩ ሳይበቅል መንገድ ጀመረ።

ልጆቹ ሳቁ። እኔ እትዬ ብርቄን አየኋት፤ እጇ ሆዷ ላይ ነው፣ ፊቷ አመድ መስሏል። መቻል አቃተኝ።

«አዴ ሎሚ፣ የእትዬ ብርቄን ጭኮ የምበላው እኔ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እኔ ደግሞ ይህቺ ልጅ መቼ ነው የምትወልደው እያልኩ ነበር» አሉ።

ሳቁ ሲበርድ እትዬ ብርቄ እያለቀሰች ነበር። «አዴ፣ እህቴ በምጥ ነው የሞተችው። ፈርቼ ነው።»

«ፍርሃትሽን ለጤና ጣቢያዋ ነርስ ንገሪያት፤ ልጁን ግን አታስርቢው።»

በማግስቱ አዴ ሎሚ እጇን ይዘው ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ እኔን ማን ሊያስቀረኝ፣ ተከተልኩ። ሚዛኑ ካለፈው ወር ንቅንቅ አላለም። ነርሷ በየወሩ ትንሽ ትንሽ መጨመር እንዳለባት፣ ረሃብ ምጥ እንደማያቀል፣ ለፍርሃቷም የሚበጀው ክትትሏን አለማቋረጥ እንደሆነ ነገረቻት። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሁሉ ጠባቂዋ ሆነ፤ አንዷ እንቁላል፣ አንዷ ምስር፣ አንዷ ወተት ይዛ ትገባለች፤ እኔ በር ላይ ቆሜ መዋጧን አያለሁ። ከሚዛን በወረደች ቁጥር «ጨመረች! ጨመረች!» እያልኩ ጭቃውን እየረጨሁ ሰፈሩን የማዳርሰው እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ሰው ወሬኛ ይለኛል፤ ይበለኝ። እርጉዝ ሳይ ዓይኔ ከሆዷ ይልቅ ጉንጯ ላይ ያርፋል፤ ዛሬ ምን በላሽ ሳልላት አላልፍም።

አዴ ሎሚ ካረፉ ቆዩ። እትዬ ብርቄ ጤና ጣቢያ በሰላም ተገላገለች፤ ዛሬ ኢተያ ስንዴ ትነግዳለች። ያኔ የተወለደችው ልጇ አቦምሳ ታስተምራለች።