አንዲቷ ያልተዘጋች መስኮት

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «አቶ ላቀው» ማለት በጎንደር ከተማ፣ ቁስቋም አቅራቢያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የምርመራ ውጤት ሁሉ የሚቀመጥበት የሊኑክስ ሰርቨር ጠባቂ የሆኑ፣ የሚሠራን ነገር የማይነኩና ሌላው እንዳይነካ የሚከለክሉ፣ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ናቸው።

የበታቻቸው ቤዚ፣ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ፣ ፕሮግራም ጸሐፊ ናት። የጻፈችውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰውን ኮምፓይለር በገዛ ኮምፒውተሯ ላይ እንድታድስ የተፈቀደላት በሦስተኛው ማመልከቻዋ ነበር። ሰኞ ጠዋት በአዲሱ ኮምፓይለር የሠራችውን ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ብትሞክረው እምቢ አለ፤ ሰርቨሩ ላይ ካለው ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞች ሁሉ በጋራ ከሚደገፉበት ፋይል፣ የበለጠ አዲስ የሆነ ጠየቀ።

«አላልኩሽም? እንግዳ አምጥተሽ አልጋ አስጠየቅሽን» አሏት አቶ ላቀው።

ቤዚ ሻይ ጠጥታ ስትመለስ ሰርቨሩ ዝርዝር ቢሉት አይዘረዝር፣ ቅዳ ቢሉት አይቀዳ። አንድ ሰው አዲሱን ላይብረሪ በአሮጌው ላይ ገልብጦበታል። ወዲያው ከቀዶ ጥገና ክፍል ስልክ ተደወለ። ከእንፍራንዝ የመጣችው ወላድ፣ የትነበርሽ፣ ደም እየፈሰሳት ነው፤ የደም መርጋት ምርመራዋ ውጤት ያለው ሰርቨሩ ውስጥ ነው። እንደገና መመርመር አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ ሐኪሙ ግን ከሩብ ሰዓት በላይ አልጠብቅም አለ።

«ምኑን ነካሽው? ተናገሪ!»

«አያ ላቀው፣ እኔ አልነካሁም። ይልቅ ሳይበላሽ በፊት የተከፈተ የትእዛዝ መስኮት ያለው ማን ነው?»

አቶ ላቀው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ጋ… አንዲት አለች።»

«እንዳትዘጓት! እሷ ከተዘጋች ተመልሰን አንገባም።»

ቤዚ ወደ ወንበሩ ብትጠጋም አቶ ላቀው አልተነሡላትም። «አንቺ በይ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

«የአሮጌው ቅጂ ይኖር ይሆን?»

«አለ!» ጥያቄው እንኳ አላለቀም ነበር።

«እንግዲያው የመቅጃውን ትእዛዝ በቀጥታ አንጥራው፤ የተበላሸውን ይዞ ይነሣል። አስቀድመን ፕሮግራሞችን የሚያስነሣውን አሮጌውን ጫኚ እንጥራ፤ እሱ መቅጃውን ከአሮጌው ላይብረሪ ጋር ያስነሣልናል።»

ጻፉ። ስሕተት። አንዲት ፊደል ዘለዋል። ስልኩ ደግሞ ጮኸ፤ «ስድስት ደቂቃ ቀራችሁ!» አለ ሐኪሙ። ላባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው እንደገና ጻፉ። አሮጌው ላይብረሪ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዝርዝር ቢሉት የፋይሎች ዝርዝር እንደ ዝናብ ወረደ። ማተሚያው የየትነበርሽን ውጤት ገና ሳይተፋው አቶ ላቀው መንትፈው በኮሪደሩ ሮጡ።

ቤዚ በሞቀው ወንበር ተቀመጠች። ምን እንደተፈጠረ ለማየት ገጹን ወደ ላይ ገፋችው። አዲሱን ላይብረሪ በአሮጌው ላይ የገለበጠው ትእዛዝ እዚያው ነበር፤ እሷ ሻይ ስትጠጣ፣ በዚህችው መስኮት፣ በአቶ ላቀው ስም የተጻፈ።

«ደርሷል፤ ቀዶ ጥገናው ተጀምሯል» እያሉ ገቡና ማያውን ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

አቶ ላቀው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ፤ ወንበር ስበው ከጎኗ ተቀመጡ።

«ለመሆኑ አዲሱ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሮጌውን ሳያፈናቅል የሚገባው እንዴት ነው?»