ፈረስ ያልነበረው የኮረብታው መሪ

ወንድ ነው! ጎበዝ፣ ወንድ ነው! እልልታው ጎባን ከዳር እስከ ዳር አዳረሳት፤ አንዷ ጎረቤትማ የገንፎ ዱቄት ይዛ ከች አለች። አራሷ ግን የብዙነህ ሚስት እኅተማርያም አልነበረችም፤ ደጅ የታሰረችው ዳማ ባዝራ ናት።

ለብዙነህ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከጦሩ ጋር ከሸዋ መጥቶ ጎባ ከሰፈረ ወዲህ፣ በጥምቀት ሰሞን ፈረስ የሚጋለብበትን ኮረብታ ለፈረሰኞቹ የሚያሳየው እሱ ነው። ኮረብታው ዳገትና ቁልቁለት ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ፍልፈል ሲምሰው ያድራል፤ ትናንት ደልዳላ የነበረው ዛሬ የፈረስ እግር የሚሰብር ጉድጓድ ነው። ስለዚህ ብዙነህ ውርጩ ሳይለቅ ወጥቶ ዙሪያውን ይረግጣል፤ ጉድጓድ ባገኘበት ሁሉ የአስታ ቅርንጫፍ ይተክላል። ከዚያ ፈረሰኞቹን አስከትሎ፣ ልጓም የት እንደሚሳብ የት እንደሚለቀቅ እያሳየ ያዞራቸዋል። በእግሩ። ፈረስ የለውማ።

ፈረስ የሌለው ደግሞ የፈረስ ስም የለውም። ሌላው አባ ደፋር፣ አባ ገስግስ እየተባለ ሲፎክር፣ እሱን ጎረቤቱ ተክለማርያም «አባ እግሬ» ይለዋል። ብዙነህ አብሮ ይስቅና በሆዱ ይይዘዋል።

ባዝራዋም የሱ አይደለችም። ጦሩ ሳይመጣ እዚያው ኮረብታ ላይ ሲጋልብ ያደገው፣ ለብዙነህም ዙሩን ያስተማረው አልዬ እንዲያረባለት የሰጠው ናት። ውላቸው አጭር ነው፤ ሴት ከወለደች ለአልዬ፣ ወንድ ከወለደች ለብዙነህ።

ምጧ ሲጠና ብዙነህ ጀርባውን ሰጥቶ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ደጋገመ። ውርንጭላው ዱብ ሲል እንኳ ዞሮ ማየት ፈራ። እኅተማርያም ጎንበስ ብላ አየችና ጨርቅ አነሳች።

«ምነው?»

«ይቆዩማ፣ ልጥረገው።» አባብሳ ደግማ አየች። «የርስዎ ነው» አለችው።

ተክለማርያም እልልታውን ሰምቶ መጣ። ውርንጭላው ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሳል።

«እግሩስ ያንተን ይመስላል» አለ። «ታዲያ አባ ማን ልንበልህ፣ አያ ብዙነህ?»

ብዙነህ ስሙን ካወጣው ዓመታት አልፈዋል፤ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባ ዳገት።»

ተክለማርያም ሊተርብ አፉን ከፈተ፤ ግን ስሙ ስም ሆነበት። «አባ ዳገት» አለ ቀስ ብሎ፣ ጠላ እንደሚቀምስ ሰው። እኅተማርያምም ደገመችው። እሷ ስትለው ግን ብዙነህ አልሰማም፤ ሰው ሳይቀድመው ለአልዬ ራሱ ሊነግረው፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ቁልቁል እየሮጠ ነበር።