የዌንደል ፔትዌይ ሻንጣ

ዌንደል ፔትዌይን ከአየር ማረፊያ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የክለባችንን ሚኒባስ የምነዳው እኔ ነኝና። መስከረም ነበር፤ ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነበር የሚመጣው። አራት ሰዓት ሙሉ ጉልበቱን ጆሮው ላይ አድርጎ ታጥፎ ተቀመጠ። በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦

«ጌታዬ፣ ከተማው ሩቅ ነው?»

«አልፈነው መጣን» አልኩት። «ቤንዚን ልቀዳ ነው፤ አሁን እንመለሳለን።»

ሰልቪክ እንደዚህ ናት። ዘጠኝ መቶ ሰው፣ አንድ ወደብ፣ አንድ የዓሣ ፋብሪካ፣ አንድ የፍልውሃ ገንዳ። አይስላንድ ውስጥ ከዚህ ያነሱ ከተሞችም አሉ፤ ቅርጫት ኳስ ክለብ የሌለው ግን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። እኛ ባለንበት ምድብ አንድ ክለብ የሚያሰልፈው አንድ አሜሪካዊ ብቻ ነው። ሌሎቹ የቧንቧ ሠራተኛ፣ መምህር፣ የበግ ገበሬ ናቸው። አሜሪካዊው ነጥብ ያስቆጥራል፣ እኛ እናጨበጭባለን፣ በሚያዝያ ይሄዳል፣ በመስከረም ሌላ ይመጣል። ልክ እንደ ወፎቹ፣ ግን በተገላቢጦሽ።

ዌንደል ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። የአላባማ ልጅ ነው። ኮሌጅ ሲጨርስ ከትልቁ ሊግ የደወለለት ስለሌለ ኳሱን ይዞ ባሕር ተሻገረ። ስሎቫኪያ፣ ቆጵሮስ፣ ኡራጓይ፣ ሊባኖስ፣ ሉክሰምበርግ፣ እንደገና ቆጵሮስ። በአሥራ አንድ ዓመት አሥራ ሁለት ክለብ! አንዱ ክለብ ከሰረ፤ አንዱ አሠልጣኝ ቀየረ፤ አንዱ ደግሞ ከእሱ በሦስት ሳንቲሜትር የሚረዝም ሰው አገኘ። በአንድ ክለብ ሁለተኛ ዓመት የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። እኛ አሥራ ሦስተኛው ነን።

ይህ ሁሉ መባረር ሊቅ አድርጎታል። አንድ ቀን ከጨዋታ ስንመለስ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ቆመን ሳለ ትምህርቱን ዘረጋልኝ።

«መባረርህን መጀመሪያ የሚያውቀው ወጥ ቤቱ ነው» አለኝ። «ቆጵሮስ እያለሁ ሆቴሉ ጠዋት እንቁላሌን ከሁለት ወደ አንድ አወረደው፤ ከሰዓት በኋላ አሰናበቱኝ። ሁለተኛው ምልክት፣ አንተ ስትገባ ወሬ ይቆማል። ሦስተኛው፣ ማሊያህን መልስ ይሉሃል። ሦስቱ ከተሟሉ ትኬቱ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ክርክር የለውም።»

ለዚህም ነው ሻንጣውን የማይፈታው። ግራጫ ትልቅ ሻንጣ ናት፤ አንድ ጎኗ ተሰንጥቆ በአረንጓዴ ፕላስተር ታስራለች። ጠዋት ካልሲ ያወጣል፣ ይቆልፋል። ማታ አጥቦ፣ አድርቆ፣ አጣጥፎ ይመልሳል፣ ይቆልፋል። እናቱ ወይዘሮ ኤርሊን በየእሑዱ እየደወሉ «ልጄ፣ ሰው የሚኖረው በመሳቢያ ነው እንጂ በሻንጣ አይደለም። ካልሲህን መሳቢያ ውስጥ ያስገባህ ዕለት ደውልልኝ፤ ያን ቀን እኔም እተኛለሁ» ይሉት ነበር። እሱም የሚመኘው ይህንኑ ነው። ዋንጫ አይደለም፣ ዝና አይደለም፤ አንድ ሁለተኛ ዓመት ብቻ።

የተከራየው ጉድሙንዳ ቤት ምድር ቤቱን ነው። ጉድሙንዳ የትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ ናት፤ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቁርሱንም እሷ ነበረች የምትሰጠው፣ ሁለት ሁለት የዓሣ ኮቶሌት። ዌንደል ታላቅ አክባሪ ሆኖ ያደገ ነውና ሁሉን አንቱ ይላል። የመጀመሪያው ቀን «እመቤት ጉድሙንዳ፣ እንደምን አደሩ?» ሲላት ዞር ብላ ኋላዋን አየች።

«ማንን ነው?»

«እርስዎን፣ እመቤት።»

«እዚህ ያለሁት እኔ ብቻዬን ነኝ» አለችው። «አንቺ በለኝና ብላ፤ ይቀዘቅዝብሃል።»

ታዲያ በጥቅምት ጉድሙንዳ ማሞቂያውን ልታይ ወደ ክፍሉ ወርዳ ሻንጣዋን እንደተቆለፈች አየቻት። ከአልጋው ግርጌ፣ እጀታዋ ወደ በሩ ዞሮ! በማግስቱ ጠዋት ፍልውሃው ገንዳ ውስጥ እስከ አንገቱ የተነከረው ሰው ሁሉ ሰማ። ሰውየው ሊሄድ ነው! እግሩ እዚህ፣ ልቡ አየር ማረፊያ።

ይህ ወሬ ከሁሉ የከነከነው ስቴይናርን ነው። ስቴይናር የክለቡ ሊቀመንበርም አሠልጣኝም ነው፤ ቀን ቀን የዓሣ ፋብሪካው ፈረቃ ኃላፊ። ብዙ አይናገርም። ሚስቱን ያገባት «ጀልባዬ ላይ ቦታ አለ» ብሎ ነው ይባላል፤ እሷም አልካደችም። የጥቅምት ጨዋታዎች እንዳለቁ ዌንደልን ለሚቀጥለው ዓመት እንዲቆይ ጠየቀው፤ በራሱ አጠያየቅ ማለት ነው። ወደቡ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ባሕሩን እያዩ፦

«እንግዲህ» አለው፣ «ይህ ክረምት ያልቃል። ቀጣዩም ክረምት ይመጣል።»

«አዎን፣ አሠልጣኝ» አለ ዌንደል፣ የአየር ጠባይ ወሬ መስሎት። «መምጣቱማ አይቀርም።»

በቃ። ስቴይናር ቤቱ ገብቶ «እምቢ አለኝ፤ የሚሄድን ሰው ደጅ አልጠናም» አለ። ዌንደልም ክፍሉ ገብቶ «ስለሚቀጥለው ዓመት አንድም ቃል አልተነፈሱም» ብሎ ካልሲውን ቆለፈ። ሁለቱም ሦስት ወር ሙሉ ተኳረፉ፤ አንዱም መኳረፋቸውን ለሌላው አልነገረም።

ጥር ገባ። በጥር የክረምቱ እኩሌታ ድግስ አለን። የጥንቱን ምግብ ሁሉ የምንበላበት ነው፣ የተለበለበ የበግ ጭንቅላት፣ የኮመጠጠ የበግ ቆለጥ፣ እስኪሸት የተቀመጠ የሻርክ ዓሣ። ከምግቡ በላይ የሚጠበቀው ግን ቀልዱ ነው። አራት አምስት ሰዎች በምስጢር ተሰብስበው የዓመቱን ጉድ ሁሉ፣ ማን ጀልባውን ሳይፈታ ሞተር አስነሳ፣ ማን የጎረቤቱን በግ ሸልቶ መለሰ፣ ድራማ ያደርጉታል። ምስጢሩን የሚያወጣ ወዮለት። እኔ እንኳ፣ የገዛ እህቴ ከጸሐፊዎቹ አንዷ ሆና ሳለ፣ አንዲት ቃል ማውጣት አልቻልኩም።

ዌንደል ይህን አያውቅም። የሚያውቀው ሦስቱን ምልክት ነው።

መጀመሪያ፣ ኮቶሌቱ ከሁለት አንድ ሆነ። ጉድሙንዳ አርባ የበግ ጭንቅላት እየለበለበች ጊዜ አጥታ ነው፤ እሱ ግን ሳህኑን አይቶ የቆጵሮሱን እንቁላል አስታወሰ። ቀጥሎ ፍልውሃው ውስጥ እግሩን ከማስገባቱ ገንዳው ሙሉ ሰው ጸጥ! ሁሉም ሰማይ ማየት ጀመረ፤ ደመና ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሃልብዮርን መጣ። ሃልብዮርን የቧንቧ ሠራተኛችን ነው፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ከስድሳ ስምንት፣ በቡድናችን ኳስ ለሌሎቹ አከፋፋይ።

«ዌንደል፣ አሮጌ ማሊያ የለህም? ስጠኝ እስቲ።»

«ለምንድን ነው?»

«እንዲሁ» አለ ሃልብዮርን፤ ጆሮው ቲማቲም መሰለ። መዋሸት አይችልም ምስኪን። «ለ... ለቧንቧ።»

ተሟላ። ዌንደል ተባረረ።

ተባሮ ግን ሹልክ ብሎ አልወጣም፤ በአላባማ ደንብ ሰው የሚሄደው ተሰናብቶ፣ ሆድ ውስጥ ያለውን ተናግሮ ነው። መጀመሪያ ወደ ስቴይናር ሄደ።

«አሠልጣኝ፣ ሳልነግርዎት ብሄድ ይቆጨኛል። ሰሌዳው ላይ የሚስሉትን ቀስት አንድም ቀን አልገባኝም። ተጫዋቾቹ አምስት ነን፤ ቀስቱ ስድስት ነው።»

«ስድስተኛው ኳሷ ናት።»

«ኳሷ በእርስዎ ሰሌዳ ወደ ሽንት ቤት ነው የምትሄደው።»

ስቴይናር ሰሌዳውን ዞሮ አየ። «ሽንት ቤቱ በግራ ነው» አለ፤ ግን ልቡ ቆሰለ። ሊሄድ ነው፣ ይኸው ራሱ ተናገረ!

ከዚያ ወደ ጉድሙንዳ። «እመቤት፣ ይቅር ይበሉኝ። ሁለተኛዋን ኮቶሌት ሁልጊዜ ለውሻዎ ነበር የምሰጣት።»

ጉድሙንዳ ማንኪያውን ጣለችው። «አንተ! ውሻዬ ለምን ወፈረ ብዬ ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ወስጄዋለሁ! በቀን ሦስት ጊዜ በበረዶ አስሮጥኩት! እኔን ነው ያከሳኸኝ!»

የሚያስቀው፣ ከተማው ሁሉ መሰናበቱን አየ፣ አዘነ፣ ግን ማንም «ለምን ትሄዳለህ?» አላለውም። እኛ ሰው ጉዳይ ውስጥ አንገባም፤ ስለ ሰው ጉዳይ እናወራለን እንጂ።

ከድግሱ በፊት በነበረው ሐሙስ ከግሩንዳቪክ ጋር ተጫወትን፤ ከተራራው ወዲያ ያሉ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ ስለዚህም ጠላቶቻችን። አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባሕር ማዶ የሚጫወት አሜሪካዊ በነጥቡ ነው የሚታወቀው። ዌንደል ከየጨዋታው በኋላ የነጥብ ወረቀቱን ለምኖ ይወስድ ነበር፤ ለሚቀጥለው ክለብ ማመልከቻው እሱ ነውና። ያን ቀን ግን፣ ተባርሬያለሁ ብሎ፣ ነጥብ ምን ይሠራልኛል አለና ማቀበል ጀመረ! የመጀመሪያዋን ኳስ ለሃልብዮርን ሲልካት ኳሷ ደረቱን መታችው። ከጥቅምት ጀምሮ ማንም መልሶ አቀብሎት ስለማያውቅ እጁን አላዘጋጀም ነበር።

«ለእኔ ነው?» አለ ሃልብዮርን።

«ለአንተ ነው፤ ጣላት!» ጮኸ ዌንደል።

ጣላት፤ ገባች። ያን ዕለት ቧንቧ ሠሪው አሥራ ዘጠኝ ነጥብ አገባ፤ ዌንደል ስድስት። አሸነፍን! ሚኒባሱ ውስጥ የበጉ ገበሬ አለቀሰ። ዌንደል የነጥብ ወረቀቱን ሳይወስድ ነው የወጣው፤ አሁንም እኔ ጋ አለ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ዌንደልን ጉድሙንዳ አጠገቧ አስቀመጠችው። የስንብት ግብዣዬ ነው ብሎ ሙሉ ልብስ ለብሶ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ አንጠልጥሎት ስለወጣ ከልምምድ በቀጥታ ነው የመጣው። ሻርኩንም በክብር ዋጠው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ እንጂ ፊቱ አልተለወጠም።

መጋረጃው ሲገለጥ ሃልብዮርን ብቅ አለ። ጫማው ሥር የዓሣ ሣጥን በምስማር ተመትቷል፤ የዌንደል ማሊያ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ወርዷል፤ በእጁ ሻንጣ ይጎትታል። ሻንጣውን ከፈተ፣ አንድ ካልሲ አወጣ፣ አሸተተ፣ አጠለቀ፣ ሻንጣውን ቆለፈ። እንደገና ከፈተ፤ ሁለተኛውን ካልሲ አወጣ፤ ቆለፈ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ላለ የበግ ጭንቅላት ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። «እመቤት፣ እንደምን አደሩ? ይቀመጡ እንጂ!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ዌንደል አልሳቀም። ያየው አረንጓዴውን ፕላስተር ነው። ተነሥቶ ቆመ፤ ራሱ ከፋኖሱ ጋር ተጋጨ።

«ያ የእኔ ሻንጣ ነው!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሃልብዮርን ፈርቶ ሻንጣውን ገልብጦ አሳየው፤ ባዶ ነው።

«ልብሴስ የት ሄደ?»

ሦስት መቶ ሰው በአንድ ድምፅ፦ «መሳቢያ ውስጥ!»

ለካ ከተማው ሁሉ ያውቃል! እሱ ልምምድ ላይ ሳለ ነው የተሠራው፤ እኛ ዘንድ በር አይቆለፍም። ጉድሙንዳ እጅጌውን ይዛ አስቀመጠችው። «ከላይ ካልሲ፣ ከመካከል ሸሚዝ፣ ከታች ሹራብ። ሁለት የተቀደደ ነበር፤ ሰፍቼዋለሁ።»

«እመቤት፣» አለ ዌንደል፤ «ማባረራችሁ ሳያንስ ትዘባበቱብኛላችሁ?»

«ማን አባረረህ? ስማኝ አንተ። ባሌ ነፍሱን ይማርና ከተራራው ወዲያ፣ ከግሩንዳቪክ ነው የመጣው። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ መድረክ ላይ አንድም ሰው አልቀለደበትም። በየዓመቱ ጥር ላይ ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ያለቅስ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ከመሰላል ሲወድቅ የሚያሳይ ድራማ ሠሩለት፤ እስኪሞት ያወራው ነበር። አንተን ግን በአምስት ወርህ! ቀናሁብህ።»

ስቴይናር ከጠረጴዛው ማዶ አንገቱን አሰገገ። «ታዲያ ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም?»

«እናንተ አይደላችሁ እንዴ የማትፈልጉኝ?»

«በጥቅምት ጠየቅሁህ አይደል!»

«ምን ብለው?»

«ቀጣዩም ክረምት ይመጣል ብዬ!»

«እሱ ጥያቄ ነው?»

«ምን ልበልህ ታዲያ? ተንበርክኬ ቀለበት ላጥልቅልህ?»

ዌንደል ያኔ ሳቀ። እንዲያ ያለ ሳቅ፣ ከሆድ የሚወጣ፣ ሰልቪክ ሰምታ አታውቅም፤ የበግ ጭንቅላቱ ከሳህኑ ተንከባለለ።

እሑድ ጠዋት እናቱ ከመደወላቸው በፊት እሱ ደወለ። ጉድሙንዳ በደረጃው ላይ ስታልፍ፣ ሆን ብላ አይደለም ትላለች፣ የሰማችው ይህን ነው፦ «እማዬ፣ ካልሲው ገብቷል። የለም፣ እኔ አይደለሁም ያስገባሁት። ግን አላወጣሁትም።» ሰኞ ስቴይናርና እሱ ፍልውሃው ዳር ውሉን ፈረሙ፤ ቀለሙ ረጥቦ ፈሰሰ፤ ማክሰኞ ደርቀው እንደገና ፈረሙ።

ሻንጣዋ ግን አልተመለሰችም። ሃልብዮርን ሊያመጣት ሲል «እዚያው ትሁን» አለው ዌንደል። እስካሁን ከአዳራሹ ጓዳ፣ ከእንጨት ጎራዴዎቹና ከሰው ሠራሽ ጢሞቹ ጋር ናት። በበጋ እናቱን ሊያይ ሲሄድ ለእህቴ ፈርሞ ተዋሳት፤ በመስከረም መለሳት።

አሁን ሁለተኛ ዓመቱ ነው። የዘንድሮው ድግስ ባለፈው ቅዳሜ ነበር። ስቴይናር ስለ ስድስተኛው ቀስቱ ተቀለደበት፤ የጉድሙንዳ ውሻም አልቀረም። ስለ ዌንደል ግን ምንም፣ አንዲት ቃል እንኳ! መጋረጃው ሲዘጋ ፊቱ እንደ ጥር ሰማይ ጠቆረ፤ ሻርኩንም አልነካም።

«ጉድሙንዳ» አላት። አንቺ ማለት ለምዷል። «ምን አጥፍቼ ነው?»

«ምንም አላጠፋህም» አለችው። «ችግሩ እሱ ነው።»

ከሰኞ ጀምሮ ወደ ልምምድ የሚሄደው በጉድሙንዳ ቢጫ የዓሣ ገበያ ካፖርት ነው፤ እጅጌው ክርኑ ላይ ያልቃል። የድራማ ጸሐፊዋ እህቴ በመንገድ ባገኘችው ቁጥር ቀስ ብሎ ያልፋታል፤ በደንብ እንድታየው።