ጤነኛ ብዬ የጻፍኳት ሴት

ባለፈው ወር ከማስተማር ስወጣ አንድ ወጣት ሐኪም በኮሪደሩ ተከተለኝ። የሆርሞን ሕክምና ለማጥናት እያሰበ መሆኑን ነገረኝና ትንሽ አፈር ብሎ፣ «ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ልብ እያለ፣ ቀዶ ሕክምና እያለ፣ የማይታይ ነገር ምን ያደርግልሃል ይሉኛል። እርስዎ ግን ለምን መረጡት?» አለኝ። ለተማሪ የሚሰጥ መልስ ሰጠሁት። ዕጢዎች ትንንሽ ናቸው፤ የሚያዙት ግን መላ ሰውነትን ነው አልኩት። ደስ ብሎት ሄደ። እውነተኛው መልስ ያለው ቆቦ ነው፤ ቆሞ የሚነገርም አይደለም።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እጠብቃለሁ። አባቴ ሰይድ ቆቦ ገበያ ላይ ቅመም ይነግድ ስለነበር ልብሳችንም መጽሐፌም ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ይሸት ነበር። በዚያን ጊዜ ለእኛ ቤት ዓይነት ሴት ልጅ ውጤት መጠበቅ ማለት በሩ በተንኳኳ ቁጥር መደንገጥ ነው፤ የመጣው ወሬ ከትምህርት ቤት ይሁን ከሽማግሌ አይታወቅም። ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ መጥተው ነበር። አባቴም እምቢ አላላቸውም፤ «ውጤቷ ይታይ» ብሎ ነው የሸኛቸው።

በዚያው ክረምት እንቅርት የሚያጠኑ ሰዎች ከተማችን መጡ። መሪያቸው ዶክተር ሰለሞን የሚባል ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሲስተር አልማዝ የምትባል ነርስና አንድ ሹፌር አብረውት ነበሩ። አገሩን የምታውቅ፣ ጽሑፍ የምትይዝላቸው ሰው ሲፈልጉ አስተማሪዬ እኔን ጠቆማቸው። አባቴ ነርሷን በዓይኑ ካየ በኋላ፣ «እሺ። ግን ፀሐይ ሳትገባ ቤት» አለ።

በየቀኑ ከአስፋልቱ ወርደን ወደ ቆላው እንገባለን። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ መንገዱን ከሁለቱም በኩል ያጥረዋል። ሹፌሩ በየመንገዱ በለስ ይገዛና አስልጦ ያካፍለናል፤ በእሾሁ ጣቶቼ ማታ ድረስ ይቆጠቁጡኝ ነበር። መንደር ስንደርስ ሴቶቹ ይሰለፋሉ፣ ዶክተሩ አንገታቸውን ይዳስሳል፣ እኔ እጽፋለሁ። ቅጹ ስም፣ ዕድሜ፣ የሚበሉት ጨውና የአንገት እብጠት የሚሉ ሳጥኖች ብቻ ነበሩት። እብጠት ከሌለ «ጤነኛ» ብሎ ማለፍ ነው።

አንድ ረቡዕ ከአሸዋማው ወንዝ ማዶ ያለ መንደር ሄድን። ወንዙ ደረቅ ስለነበር በመኪና ተሻገርነው። ቀትር ላይ ሐዋ የምትባል ሴት አማቷን እትዬ ፋጡማን ተደግፋ መጣች። እኛ በሙቀቱ ስንቀልጥ እሷ ጋቢ ተከናንባለች። ፊቷ ገርጥቷል፣ ቅንድቧ ሳስቷል። ዕድሜዋ ሃያ አራት መሆኑን ሲነግሩኝ አላመንኩም። ዶክተሩ አንገቷን ዳሰሰና «ምንም የለም» አለ። «ጤነኛ» ብዬ ጻፍኩ።

«ጤነኛ ናት? እኔስ ምን አልኩ!» አለች እትዬ ፋጡማ። «ስንፍና ነው እንጂ!»

ሐዋ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ በቀስታ፣ «ይበርደኛል እህቴ። ልጄን ከወለድኩ ጀምሮ ይበርደኛል» አለችኝ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኳትና ቀጣዩን ስም ጠራሁ።

ከሰዓት በኋላ በላያችን ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነበር፤ በስተ ምዕራብ ያለው ተራራ ግን ጠቁሯል። ሥራ ጨርሰን ዕቃ ስንጭን ብዙ የጭነት መኪና ባንድ ላይ የሚነዳ የሚመስል ድምፅ ሰማን። ወንዙ ዳር ስንደርስ ጠዋት የተሻገርነው አሸዋ የለም። ግንድ የሚያንከባልል ቡናማ ውኃ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። «ዛሬ የለም» አለ።

ወደ መንደሩ ትምህርት ቤት ተመለስንና አንዷን ክፍል ሰጡን። የመንደሩ ሰዎች የማሽላ እንጀራና ወተት አመጡልን። እኔ ግን በመስኮቱ ፀሐይዋን አያለሁ፤ ቀስ እያለች ዝቅ አለች፣ ከማሽላው ጫፍ ደረሰች፣ ገባች። አባቴ ከሱቁ ደጅ ቆሞ መንገድ መንገዱን ሲያይ ታየኝ። ጎረቤት የሚለውም ተሰማኝ። ከወንዙ በላይ ያንን ፈርቼ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ውኃው ይባስ ብሎ ነበር። እትዬ ፋጡማ በጭቃው ውስጥ እየሮጠች መጣች። ሐዋ ከንጋት ጀምሮ ሲያስመልሳት አርፍዶ አሁን ሲጠሯት አትመልስም። በአልጋ ተሸክመው አመጧት። ሲስተር አልማዝ የደም ግፊቷን ስትለካ ደጋግማ ሞከረች። «በጣም ወርዷል» አለች። ጉሉኮስ ተከሉላት፤ ለውጥ የለም።

ዶክተሩ እትዬ ፋጡማን ይጠይቃት ጀመር። «መቼ ጀመራት?»

«ከወሊዷ ወዲህ ነው፤ ሁለት ዓመት አለፈው። ያኔ ደም ብዙ ፈሰሳት፤ ሞተች ብለን ነበር፣ አላህ መለሳት።»

«ጡት አጠባች?»

«ጠብታ አልወጣትም። ልጅቷን በፍየል ወተት ያሳደግኋት እኔ ነኝ።»

«የወር አበባስ?»

እትዬ ፋጡማ አፍራ ወደ እኔ ዞረችና በጆሮዬ ነገረችኝ። «ከዚያ ወዲህ አይታ አታውቅም» አልኩት። ቀጥሎም፣ «ይበርደኛልም ብላኝ ነበር» አልኩ።

«መቼ?»

«ትናንት። ስጽፍ።»

አየኝ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «የጠየቅናቸው ስለ አንገታቸው ብቻ ነው» አለ ለራሱ የሚያወራ ይመስል።

ከዚያ ነገረን። ከአንጎል ሥር ሽምብራ የምታህል ዕጢ አለች፤ ሌሎቹን ዕጢዎች የምታዛቸው እሷ ናት። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ሲፈስ አንዳንዴ ይህች ዕጢ ደም አጥታ ትሞታለች። ሴትዮዋ በሕይወት ትቀራለች፤ ወተቷ፣ ሙቀቷ፣ ጉልበቷ ግን አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ትንሽ ሕመም ሲጨመርባት ሰውነቷ መቋቋም ያቅተዋል። ያጣችውን ሆርሞን የሚተካ ሃይድሮኮርቲሶን የሚባል መርፌ በመድኃኒት ሳጥናችን ነበረን፤ ምናልባት አለርጂ የሚነሳበት ሰው ቢኖር ተብሎ የተያዘ። አራት ብልቃጥ።

አንዱን ሙሉውን ወጋት። ከሰዓት በኋላ የአሱር ሰላት ሲደርስ ሐዋ ዓይኗን ገልጣ ልጇን ጠየቀች። እትዬ ፋጡማ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ሰነፍ እያልኩ ልገድላት ነበር፤ ያረቢ!» እያለች አለቀሰች።

ደስታችን ግን አልቆየም። ከእንግዲህ በየስድስት ሰዓቱ ግማሽ ግማሽ ብልቃጥ ያስፈልጋታል። ዶክተሩ ወንዙ ዳር መለኪያ እንጨት ተክሎ እየተመላለሰ ውኃውን ያያል። ከአንዱ ምልልሱ ሲመለስ ጫማው ጭቃ ሆኖ በሩ ላይ ቆመና፣ «በሽታዋን አውቄዋለሁ። መድኃኒቱም አለ፤ ከወንዙ ማዶ» አለኝ። ያቺ ክፍል ያን ያህል የጠበበችኝ ያኔ ነው። ሐዋ ግን ጋቢዋን ተከናንባ ጣሪያውን ታያለች። እኛ ሁለት ቀን ታግተን ልናብድ ደረስን፤ እሷ በገዛ ሰውነቷ ውስጥ ከታገተች ሁለት ዓመቷ ነበር።

ዓርብ የቀረን አንድ ብልቃጥ ነው። ውኃው ደረት ድረስ ወርዷል። ወንዶቹ ከጁምዓ ሰላት እንደወጡ መጡና፣ ባሏ አሕመድ ከፊት ሆኖ፣ አልጋዋን ከራሳቸው በላይ ተሸክመው ገቡ። ዶክተሩ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ተከተላቸው። እኔና ሲስተር አልማዝ ገመድ ይዘን ተሻገርን፤ እግሬን ድንጋይ ሲመታኝ አልተሰማኝም። ሹፌሩና መኪናው ማዶ ቀሩ። አስፋልቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቆመልን፤ እኔ ቆቦ ስወርድ ሌሎቹ ሐዋን ይዘው ወደ ደሴ ሆስፒታል ቀጠሉ።

አባቴ አልመታኝም፣ አልጮኸብኝም። በሩን ዘጋው፣ በቃ። ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣሁም። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሊመጡ እንደሆነ ከእናቴ ሰማሁ። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን እትዬ ፋጡማ ሐዋን ስታስታምም ከቆየችበት ከደሴ ስትመለስ በቀጥታ ወደ አባቴ ሱቅ መጣች። ሱቁና ቤታችን በመጋረጃ ስለሚለያዩ ሁሉንም ሰማሁ።

«አያ ሰይድ፣ ሐዋ ዳነች» አለች ደንበኛው ሁሉ እየሰማ። «ያንተ ልጅ ልብ ብላ ባትናገር ኖሮ ዛሬ ቀብሬያት ነበር። እንዲህ ያለችውን ልጅ ማስተማር ነው እንጂ!»

አባቴ ሽማግሌዎቹን መለሳቸው። ውጤቴ ሲመጣም ሻንጣዬን ተሸክሞ አውቶቡስ ላይ ያሳፈረኝ እሱ ነው። ሐዋን አለመስማቴን፣ «አብሽሪ» ብዬ ማለፌን ለማንም አልተናገርኩም። የተከፈተልኝ በር በማይገባኝ ምስጋና የተከፈተ ነው።

ሐኪም ሆንኩ፤ ከዚያም የዕጢና የሆርሞን ሕክምና ተማርኩ። ዛሬም የማጠናው በወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳቸውን ሴቶች ነው። ሐዋ በየቀኑ ክኒን እየዋጠች ሃያ ዓመት ኖረች። ማሽላዋን አረመች፣ ልጇን ዳረች። ቆቦ በሄድኩ ቁጥር እጠይቃት ነበር። አንድ ጊዜ ዋጃ የሚባል ከተማ ያገባች እህቷ ጋ ለምን እንደማትከርም ስጠይቃት፣ «መንገዴማ ክኒኑ እስኪያልቅ ብቻ ነዋ፤ ሲያልቅ መመለስ ነው» ብላ ሳቀች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጦርነቱ መንገድ ተዘጋ፤ ስልክም ጠፋ። ክኒኗ መቼ እንደሚያልቅ አውቅ ነበር። ግማሽ ብታደርገው እስከ መቼ እንደሚያደርሳት፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሰማት፣ መጀመሪያ ምግብ እንደሚያስጠላት፣ ቀጥሎ ብርዱ እንደሚመለስ፣ ሁሉንም አውቅ ነበር። የምሠራበት ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ መድኃኒቱ ሞልቷል፤ ማድረስ አልቻልኩም። መንገዱ ሲከፈት ልጇ ደወለችልኝ። ድምፅዋን ስሰማ ገባኝ። «እስከ መጨረሻው ግማሽ ግማሽ እያደረገች ነበር» አለችኝ።

ያ መድኃኒት ርካሽ ነው፤ ብርቅም አይደለም። በየጤና ኬላው ጥቂት እንዲቀመጥ በየዓመቱ እጽፋለሁ፣ በየስብሰባው እናገራለሁ፤ አንዳንዱ ይሰማኛል፣ አንዳንዱ ሰዓቱን ያያል። ባልደረቦቼ ሃያ ዓመት ትንሽ አይደለም እያሉ ያጽናኑኛል። ትንሽ አይደለም። እኔ ግን ያን ዓርብ ልብሴ እየተንጠባጠበ አስፋልቱ ላይ ስቆም ሁላችንም ከታገትንበት የወጣን መስሎኝ ነበር።