ኩኒ ያልወጣችበት ሊንደን

የእኛ መንደር ዛፍ ላይ ወጥቶ ይጨፍራል። በአደባባዩ ያለው ሊንደን የሚባል ትልቅ ዛፍ የታች ቅርንጫፎቹ ከልጅነቱ ጀምሮ በአግዳሚ እንጨት ላይ እየተጋደሙ ነው ያደጉት፤ በላያቸው ወለል ተነጥፏል። ቢራውን ይዞ የሚወጣው ሁሉ ነገሩ በራሱ የቆመ ይመስለዋል። እኔ የኦትማር ጎረቤት ስለሆንኩ እንደዚያ አይመስለኝም።

ኦትማር ዛፉን የመንከባከቡን ድካም የወረሰው ከአባቱ ነው። በየዓመቱ በረዶው ሳይለቅ መሰላል ያቆማል፤ ሽቅብ የበቀለውን ቀንበጥ ይቆርጣል፣ ለጋውን አጎንብሶ ያስራል። ሚስቱ ኩኒ መሰላሉን ትይዝለታለች። በቤተ ክርስቲያናችን በዓል ሰው ሲጨፍር እሱ ከሥር ቆሞ ይሰነጠቅ እንደሆነ እንጨቱን ያዳምጣል። ከኩኒ ጋር አንድም ቀን ላይ ወጥቶ አልጨፈረም። ሁሌም «ለከርሞ» ነው።

አምና የኩኒ ዳሌ ታመመ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ደረጃ መውጣት እንደሚከብዳት ሲነግራት ቤቷ ገብታ፣ በዚያው ዓመት በዓል እንደምትጨፍር፣ እሱ እምቢ ካለ የመንደሩን ዳቦ ጋጋሪ ይዛ እንደምትወጣ ለኦትማር ነገረችው። ኦትማር ስቆ እሺ አለ። አዲስ ሸሚዝ እንኳን ገዛ።

በዋዜማው ወለሉን ሲፈትሽ ትልቁ አግዳሚ ቢላዋውን እስከ እጀታው ዋጠው። በስብሷል። ምናልባት ለአንድ ቀን ሰዉን መሸከም ይችል ነበር፤ እኔ ብሆን ዝም እል ነበር። እሱ ግን ብዙ ተቀምጦ አሰበና ደረጃውን በገመድ ዘጋው።

መንደሩ ተንጫጫ። የአንተ ጉልበት ስለደከመ እኛም እንቀመጥ ወይ ብለው ተረቡት። ጭፈራው መሬት ላይ ሆነ። ኩኒ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ኦትማር መጥቶ እዚሁ እንጨፍር ወይ አላት።

«ተወው፣ ቁጭ በል። ደክሞሃል» አለችው። ሁለቱም አሳዘኑኝ።

ዘንድሮ አግዳሚው ተቀይሮ ወለሉ ተከፈተ። ኩኒ የኦትማርን እጅ ይዛ ደረጃው ሥር ቆመች። አንድ እግሯን አነሳች፤ መልሳ አወረደችው። ተሸክሜሽ እወጣለሁ አላት።

«በየትኛው ጉልበትህ?» ብላ ሳቀች። ቆይታ ደግሞ፣ «ብንወጣስ ምን ይረባል? አንተ እንደሆነ እዚያም እንጨቱን ነው የምታዳምጠው» አለችው።

ኦትማር ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ያኔ ከላይ ሙዚቃው ጀመረ፤ ሰው ረገጠ፤ አዲሱ እንጨት ተንቋቋ። ኦትማር ቀና ብሎ ጆሮውን ሰጠ።

ኩኒ እጁን ለቀቀችው።