አክስቴ ቀፎ ተሸክመው የመጡበት የአየር ትርኢት

ማይክሮፎን ይዞ መድረክ ላይ መቆም ክብር የሚመስለው ሰው ካለ፣ አንድ ቀን እኔን ተክቶ የአየር ትርኢቱን ያስተዋውቅልኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። ትናንሽ አውሮፕላኖች በየዓመቱ ከየአቅጣጫው እየበረሩ መጥተው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ይሰባሰባሉ። ድምፅሽ ጥሩ ነው ተብሎ ይኼን ትርኢት ሦስት ጊዜ እኔ አስተዋውቄዋለሁ። ትችያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።

አምና የመጡት ከቀደሙት ሁሉ የተሻሉ ነበሩ፤ እሱን አልክድም። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከባጃጅ ብዙም የማትከብድ አዲስ ነጭ አውሮፕላን መጥታለች። ሞተሯ ቢጠፋ ራሷን በጃንጥላ ታወርዳለች ተብሎ ወረቀቴ ላይ ተጽፏል። ሰብል ላይ መድኃኒት የሚረጭ ቢጫ አውሮፕላንም አለ። ክንፍ የሌለው፣ አናቱ ላይ ረጅም ብረት የሚሽከረከርበት፣ ሞተር ብስክሌት የሚመስል ነገርም ነበር። ከሁሉ በላይ ሕዝቡ የጓጓለት ግን በሙቅ አየር የሚነሳው ፊኛ ነው። እሱ ደግሞ ነፋስ አለ ተብሎ ቀኑን ሙሉ እንደታጠበ ብርድ ልብስ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ዋለ።

ፕሮግራሙ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል ተባለ። ሕዝቡ ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳውን ሞላው። የክብር እንግዳው አምስት ሰዓት አልፎም አልመጡም። እሳቸው ካልመጡ ደግሞ አንድም አውሮፕላን አይነሳም። እኔ ስለ ፊኛው አራት ጊዜ ተናገርኩ። በአምስተኛው ከፊት የተቀመጡ ሽማግሌ "ልጄ፣ እሱንስ ሰማነው፤ መቼ ነው የሚነሳው?" አሉኝ። በዚህ መሀል ጄኔሬተሩ ይጠፋል፤ ሲበራ ድምፅ ማጉያው ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ያሰማል። ሁለት ላሞች አጥሩን ጥሰው ገብተው ማኮብኮቢያው ላይ ተኙ። የኮሚቴው ሰብሳቢ "ባለቤቱን በማይክ ጥሪልን" አሉኝ። ጠራሁ። ማንም የኔ ናቸው አላለም።

እንዲህ ስቃጠል የበሩ ጥበቃ መጣ። "አንዲት እናት ቀፎ ተሸክመው ካልገባሁ እያሉ ነው። የአስተዋዋቂዋ አክስት ነኝ ይላሉ።"

የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከሜዳው ጀርባ ባለው ቀበሌ ብቻቸውን እያረሱ ይኖራሉ። ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት ከእሳቸው ቤት እየተመላለስኩ ነው። ስለዚህ እሳቸው ሲጠሩ አለመሄድ አልችልም።

በሩ ላይ ስደርስ ቀፎውን መሬት አውርደው፣ በላዩ ላይ አንድ እጃቸውን ጭነው ቆመዋል።

"እንደምን አደሩ አክስቴ? ምነው፣ በደኅና?"

"ምን ደኅና አለ! ንቦቼን መልሱልኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ቀን በፊት አንድ አውሮፕላን ለልምምድ ሲበር በጣሪያቸው ላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። በማግሥቱ ከቀፎዎቻቸው ሁሉ ደህና ማር የያዘው ባዶውን ተገኘ። ማር ሊቆረጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው!

"አክስቴ፣ ንብ እኮ በጉንዳንም ይኮበልላል" አልኩ።

"ጉንዳን ክንፍ አውጥቶ ጣሪያዬ ላይ ሲያጓራ አይቼ አላውቅም።"

በዚህ ጊዜ የእንግዳው መኪኖች አቧራ ከሩቅ ታየ፤ ሰብሳቢው በስልክ ይጮሁብኛል። ሌላ መላ ስላጣሁ አክስቴን ወደ ኤግዚቢሽኑ ድንኳን አስገባኋቸውና "እዚህ ቁጭ ይበሉ፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ኃላፊዎቹን አነጋግርልዎታለሁ" ብዬ ሮጥኩ። ትልቁ ስሕተቴ ይኼ ነው። አክስቴ ቁጭ አላሉም። ቀፎውን ጠረጴዛው ላይ፣ በተፈታ ሞተርና በእንጨት በተሠራ የአውሮፕላን ማራገቢያ መካከል አስቀመጡት።

የክብር እንግዳው ከአጀባቸው ጋር ድንኳኑን ሲጎበኙ እኔ ማይክ ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። ሞተሩን አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀፎው ፊት ቆሙ።

"ይኼስ?"

ሰብሳቢው ቀፎው በዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ ያውቃሉ። አላውቅም ማለት ግን አልሆነላቸውም። "ይኼ... የሰው ልጅ በረራን ከተፈጥሮ፣ በተለይም ከንብ መማሩን ለማሳየት የቀረበ ነው" አሉ።

"ውሸት ነው!" አሉ አክስቴ ከጥግ ተነሥተው። "ንቦቼን ያባረራችሁበት ቀፎ ነው። ባለቤቱ እኔ ነኝ።"

ማይኩ ክፍት ስለነበር ውጭ ያለው ሕዝብ ሁሉን ሰምቷል፤ ሳቁ እስከ እኛ ደረሰ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው ገረፉኝና "እናቴ፣ በዚያን ቀን ልምምድ አልነበረም" አሉ። ሌላው የኮሚቴ አባል "ነበረ፤ ግን በዚያ በኩል አልተበረረም" አለ። ሦስተኛው ደግሞ ከሌላ ቦታ የመጣ አውሮፕላን ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ማስተባበያ። አክስቴ ተራ በተራ አዩአቸው።

ከድንኳኑ በር "የበረርኩት እኔ ነኝ" የሚል ድምፅ መጣ።

የነጯ አውሮፕላን አብራሪ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ፀጉሩ ሸበት ያለ፣ ጠዋት ሙሉ ከክንፏ ሥር ተቀምጦ የክብር እንግዳውን ሲጠብቅ የዋለ ዝምተኛ ሰው። ወደ አክስቴ ቀርቦ ዝቅ አለ። "ደመና ስለከለለኝ ዝቅ ብዬ አልፌ ነበር፣ እናቴ። ቤት መኖሩን ያየሁት በኋላ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

አክስቴ ለክርክር እንጂ ለይቅርታ አልተዘጋጁም ነበር። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ማይኩን ልዘጋ ስል፣ "እንግዲያውስ አንተው አውጣኝና እኔው ልፈልጋቸው" አሉት።

"ከላይ ንብ አይታይም፣ እናቴ።"

"የሚያርፉበትን ዛፍ አውቀዋለሁ። ዛፍ ይታያል።"

ሰብሳቢው ጣልቃ ገቡ። በአዲሷ አውሮፕላን መጀመሪያ የሚበሩት የክብር እንግዳው ናቸው፤ ፕሮግራሙ እንደዚያ ይላል። ሁላችንም ወደ እንግዳው ዞርን። እንግዳው ደግሞ በድንኳኑ በር በኩል ነጯን አውሮፕላን ያያሉ። አንድ ሰው ብቻውን ጅራቷን ይዞ እየገፋ ቦታ ሲያስቀይራት ነበር። ትኩር ብለው አዩና "የለም፣ የለም። እናታችን ይቅደሙ" አሉ። እንደዚያ ፈጥኖ የተላለፈ ውሳኔ በሥራ ዘመኔ አላየሁም።

አክስቴን የማውቃቸው አውቶቡስ ሲያዞራቸው ነው፤ ደብረ ኤልያስ ለሰርግ ስንሄድ እስክንደርስ በፌስታል ያስመልሳቸዋል። "ይተዉ አክስቴ፣ ያዞርዎታል" ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። "ልቀቂኝ፤ ደግሞ እንደ እናትሽ ፈሪ አትሁኚ" አሉኝ። አብራሪው ነጠላቸውን ከወገባቸው አስገብቶ ቀበቶውን አሰረላቸው፤ የጆሮ ማዳመጫውን በሻሻቸው ላይ ጫነው። አማተቡ። ሞተሩ ጮኸ። ላሞቹን በስንት መከራ አስነሥተዋቸው ስለነበር መንገዱ ክፍት ነው።

አውሮፕላኗ ከመሬት ስትለቅ ሕዝቡ እልል አለ። ሰብሳቢው "ተናገሪ እንጂ!" ይሉኛል። ለሰዓታት ስለ ፊኛ የለፈለፈ አፌ ደረቀ። ያቺ ነጭ ነገር ወደ ቀበሌያቸው ዞራ ከዛፎቹ በላይ ስታንስ፣ ስታንስ ሳይ፣ የሚታየኝ በዝናብ እየበሰበሱ ትምህርት ቤት በር ድረስ ምሳዬን ያመጡልኝ የነበሩት ሴት ናቸው። ቢወድቁ ለአባቴ ምን እላለሁ?

ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ። ሲያርፉ ሮጬ ደረስኩ። አልቅሰው ወይም ስቀው ይወርዳሉ ብዬ ነበር። ፊታቸው ግን እንደ እሳት ነዷል።

"አገኟቸው?" አልኩ።

"ምኑን?"

"ንቦቹን!"

"ተያቸው ንቦቹን። ድንበሬን ገፍቶታል!"

አብራሪው ትከሻውን ነቀነቀ። አክስቴ ከላይ ሆነው ማሳቸውን አይተዋል። የእሳቸው ጤፍ ቢጫ፣ የጎረቤታቸው ሽምብራ አረንጓዴ ነው፤ ድንበሩ ቀጥ ማለት ሲገባው ወደ እሳቸው ጎብጧል። "እንደ ማጭድ!" አሉ በእጃቸው አየር ላይ እየሣሉ። ጎረቤትየው በአንድ ማኅበር አብረው የሚጠጡ፣ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሰው ናቸው። አክስቴ ቀፏቸውን እንኳ ሳያነሡ ቀጥ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቀፎውን በባጃጅ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ምን እንደሚመስል የመሬት ክርክር ያለበት ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ሽማግሌ ተቀመጠ። ጎረቤትየው "ሰማይ ወጥታ ከሰሰችኝ" ብለው አዘኑ። ሽማግሌዎቹ አክስቴን ምስክር አለሽ ወይ ሲሏቸው "አብራሪው አለ" አሉ። እኔው ደወልኩ። አብራሪው በታክሲ ጥሩምባ መሀል እየጮኸ "እህቴ፣ እኔ በዚያን ሰዓት የማየው ነፋሱን ነው እንጂ የሰው ድንበር አላይም" አለኝ። በስልኬ ድምፅ ማጉያ አሰማኋቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጉዳዩ ወደ መሬት ቢሮ ሄደ። ከሥራ እያስፈቀድኩ አራት ጊዜ ተመላለስኩ፤ አንድ ቀን ባለሙያው ስብሰባ ነው፣ አንድ ቀን መኪና የለም፣ አንድ ቀን ደግሞ ፋይሉ ያለበት ቁም ሣጥን ቁልፍ የያዘችው ልጅ ወልዳ ፈቃድ ላይ ናት።

በስተመጨረሻ ሁለት ቀያሾች መጡ። የአክስቴን የመሬት ደብተር ይዘው፣ በመሣሪያቸው እየለኩ ማሳውን ዞሩት። አክስቴ ከኋላቸው፣ እኔ ከአክስቴ ኋላ፣ ጎረቤትየው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። አንደኛው ቀያሽ ሁለቴ ለካ፤ ደብተሩን ገለጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እናቴ፣ ድንበሩ ተገፍቷል፤ እውነትዎን ነው። የገፋው ግን የእርስዎ ወገን ነው። አሁን የያዙት በደብተሩ ካለው በአራት ትልም ይበልጣል።"

አክስቴ መጀመሪያ ቀያሹን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያ ጎረቤታቸውን አዩ።

"ሟቹ ባልሽ ነው" አሉ ጎረቤትየው ቀስ ብለው። "በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም ሲጨምር አይ ነበር። ከእሱ ጋር መጣላት አልፈለግሁም። ከሞተ በኋላ ደግሞ አንቺን በሐዘን ላይ ምን ብዬ ልናገርሽ? ዝም ብዬ በማርስበት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መለስኩት። ጎበጥ ያለው እኔ እስከ አሁን የመለስኩት ነው።"

አክስቴ ትልሙ ላይ ቁጭ አሉ። ለባላቸው ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ፤ ያን ቀን ያየሁት ግን ሌላ ዓይነት ነው፣ ያፈሩም የተናደዱም ይመስላሉ። "ውሰደው እንግዲህ። ሁሉንም ውሰደው" አሉ።

"ጤፍሽ ይሰብሰብ። መሬቱ የትም አይሄድም።"

እኔ ልቅሶም ሳቅም ቀርቶ እግሬን ብቻ ማሳረፍ ነበር የፈለግሁት። ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ ደጋግመው ተነፈሱ። ማጽናኛ ቃል ስፈልግ እሳቸው ቀደሙኝና "ይኼ ሁሉ ያንቺ ጦስ ነው" አሉኝ። "በዚያ ማይክ ባትጮሂ እዚያ ሜዳ ምን አገባኝ?"



ታኅሣሥ ላይ ጤፉ በደቦ ታጨደ፤ ጎረቤትየውም ከነልጆቻቸው መጥተው አጨዱ። ነዶው ተሰብስቦ እንዳለቀ አክስቴና ጎረቤትየው በአዲሱ ድንበር ላይ ምልክት ይተከል አሉ። ጥሩ ድንጋይ ያለው ከወንዙ ዳር ነው ተባለ። ወጣቶቹ ጠላ ቀርቦላቸው ተቀምጠዋል። ሁለቱ አዛውንት ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዴ ወደ ወንዙ፣ አንዴ ወደ እኔ አዩ። ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ። ሦስት ድንጋይ ነው ያመጣሁት፤ ሁለተኛውን "ትንሽ ነው" ብለው መለሱኝ።