በቀን የተነገረ ተረት

ልጅ ሳለሁ ተራራ ለእኔ የሚታይ እንጂ የሚወጣ ነገር አልነበረም። ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ሱቃችን ደጃፍ ቆሜ፣ ዝናብ ባጠበው ጠዋት ወደ ከምባታ በኩል ስመለከት ሰማያዊ ሆኖ የሚታየኝ ከፍታ ያኔ የሰማዩ ጫፍ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ እዚያው ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው፤ ስለ ዳገት የሚጨነቀው ዕቃው የተጫነበት መኪና ይወጣዋል ወይስ አይወጣውም ብሎ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ በብስኩት ካርቶንና በስኳር ጆንያ መካከል ተቀምጬ የወፈርኩ፣ ትንሽ ስሮጥ የሚያለከልከኝ ልጅ ነበርኩ። የክፍል ልጆች ሲሯሯጡ ሁልጊዜ መጨረሻዋ እኔ ነኝ። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ከሁሉም አብልጬ ግን እኔው አውቀው ነበር።

የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ከትምህርት ቤት የምንለቀቀው ሊመሽ ሲል ነው። ያ ሰዓት ሱቃችን የሚጨናነቅበት ስለሆነ፣ አባቴ ገበያው ጋብ ብሎለት እስኪወስደኝ ድረስ እኔና እንደኔው ወላጆቻቸው የሚዘገዩባቸው ጥቂት ልጆች በሩ አጠገብ ባለችው የዘበኛ ቤት እንጠብቅ ነበር። ዘበኛው አባባ ሀንዲኖ ይባላሉ። ተወልደው ያደጉት በአምበሪቾ ተራራ ግርጌ፣ ከዶዮገና ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። ባለቤታቸውና አንዲት ላማቸው ያኔም እዚያው ነበሩ፤ ከሁለቱ አብዝተው የሚያወሩት ስለ ላሟ ነበር። አሮጌ ባልዲ ውስጥ እሳት ያነዳሉ። እንጨቱ እርጥብ ባሕር ዛፍ ስለሆነ ጭሱ ሁላችንንም ያስለቅሰናል፤ ፍሙ ሲበስል ግን ድንች ይቀብሩበታል፣ ኩራዟንም መስኮቷ ላይ ያስቀምጣሉ፣ እኛም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን እንቀመጣለን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን ተረት የለም። «ቀን ተረት ያወራ ሰው ከብቱ ይጠፋበታል» ይሉ ነበር፤ እንደ ቀልድ ሳይሆን እንደ ሕግ። ብንለምናቸው፣ ብንነዘንዛቸው፣ በመማሪያ ክፍሉ ቆርቆሮ ጫፍ ላይ የቀረችውን ብርሃን በከዘራቸው ያሳዩንና «ገና አለች» ይላሉ። ብርሃኗ ስትጠፋ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «ተረት ተረት!» ይላሉ። «የላም በረት!» ብሎ መመለስ የእኛ ድርሻ ነው። እዚህ ላይ ሌላ ሕግ አላቸው። አኩርፎም ሆነ ድንች አፉን ሞልቶት አንድ ልጅ ዝም ካለ፣ «አንዷ ላም ውጭ ናት፤ በረቱ አይዘጋም» ብለው እንደገና ይጀምራሉ። ሁላችንም ካልመለስን ጅቡም አይመጣ፣ ጦጣዋም አትናገር። እንዲህ እንዲህ ሲል አፋችን ራሱ መመለስ ለመደ፤ እንቅልፍ የወሰደው ልጅ ዓይኑን ሳይገልጥ «የላም በረት» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አራተኛ ክፍል ስንደርስ ቲቸር አልማዝ የምትባል ወጣት የስፖርት አስተማሪ ተመደበችልን። ስፖርት ማለት አቧራማ ሜዳ ላይ ተሰልፎ «አንድ፣ ሁለት» ማለት ነው ብላ የምታምን አልነበረችም። እነዚህ ልጆች በየቀኑ የሚያዩትን ተራራ ረግጠውት አያውቁም፣ ከአስፋልቱ ወጥተው ይንሸራተቱ፣ ይውጡ፣ ይውረዱ፣ አየር ይቀበሉ እያለች ርዕሰ መምህሩን ስትለምን ከረመች። በመጨረሻ ፈቀዱላት። ግን አንድ ልጅ ጣቱን እንኳ ቢቧጠጥ ይህ ጉዞ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እንደሚሆን ክፍላችን ድረስ መጥተው ነገሩን። ቃላቸው ከማንም ይልቅ እኔ ልብ ውስጥ ገባ። የሚበላሽ ነገር ካለ በማን እንደሚበላሽ አውቅ ነበርና።

አባቴ የፈቃድ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ሜዳ የሚያደክማት ልጅ ተራራ ላይ ምን ትሠራለች? እዚያ ሱቅ አለ?» አለ። የፈረመልኝ አባባ ሀንዲኖ መንገድ መሪ ሆነው እንደሚሄዱ ሲሰማ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ቅጥቅጥ ታጭቀን ሄድን። ልጆቹ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙራቸውን ሲዘምሩ፣ እኔ ሙስሊም ብሆንም ግጥሙን ከእነሱ እኩል ስለማውቀው አጨበጨብኩ። መንደራቸው ስንደርስ ያቺን ስመ ጥር ላም አየናት። ቀጭን ነበረች። የአባባ ሀንዲኖ ባለቤት ከጓሮ ወፍራም የእንሰት ልጣጭ ሰጡንና፣ ቲቸር አልማዝ ለምለም ሣር ያለው ተዳፋት ላይ ወስዳ ልጣጩ ላይ ተቀምጠን እንድንንሸራተት አደረገችን። ያኔ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ወፍራም ሰው ቁልቁለት ላይ ፈጣን ነው። እኔ ከሁሉም ርቄ፣ ከክፍላችን ፈጣን ሯጭ ከተከስተ እንኳ ርቄ፣ ታች ያለው አጥር ሥር ደርሼ ቆምኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ ወጣሁ። ተከስተ «ሌላ ልጣጭ ስጡኝ፣ የእኔ ደረቅ ነው» እያለ ሲያጉረመርም የተሰማኝን ደስታ ዛሬም ስነግር አፍራለሁ።

መውጣቱ ግን ሌላ ነው። በመስመር ሆነን ጀመርን፤ አባባ ሀንዲኖ ከፊት፣ ቲቸር አልማዝ ከኋላ፣ ከእሷ ፊት ከልጆቹ መጨረሻዋ እኔ። ለመድከሜ አንድ ዘዴ ነበረችኝ። ትንፋሼ ሲያጥር ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ እፈታና እንደገና አስረዋለሁ፤ ሰው ሲያየኝ የደከመኝ ሳይሆን ማሰሪያው የተፈታብኝ ይመስላል። አምስት ጊዜ አሰርኩ፣ ስድስት ጊዜ አሰርኩ። ወደ ጫፉ ስንቃረብ ተከስተ መስመሩን ጥሎ ወደ ላይ ሮጠ፤ ቲቸር አልማዝ ልትመልሰው እየጠራችው ወደፊት ሄደች። እኔም ይህን ጊዜ አግኝቼ ተቀምጬ፣ ተዝናንቼ፣ ሁለቱንም ጫማ ፈታሁ።

ቀና ስል ጉም ነበር። ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ ሰውም፣ ሰማይም፣ መንገድም የለም። በትክክል የቀጠልኩ መስሎኝ በቁጥቋጦ መካከል ትንሽ እንደሄድኩ መሬቱ ወደ ታች መውረድ ጀመረ፣ ያን ጊዜ እንደጠፋሁ ገባኝ። ቆየት ብሎ ከላይ ፊሽካ ተነፋ። ቀጥሎ ስሜ ተጠራ። «ሰሚራ! ሰሚራ!» የቲቸር አልማዝ ድምፅ ነበር፣ ከዚያ የሃያ ምናምን ልጆች ድምፅ። እኔ ምን አደረግሁ? አንድ ቁጥቋጦ ሥር ገብቼ ጉልበቴን አቅፌ ዝም አልኩ። ከመለስኩ ሁሉም «እሷው ናት፣ ሁልጊዜ እሷ ናት» ይላሉ፤ ቲቸር አልማዝ ያን ያህል የለመነችለት ተራራም በእኔ የተነሳ ይቀራል። ዝም ካልኩስ? ያን አላሰብኩትም። የሰው ልጅ ሐፍረት ሲይዘው ሞኝነቱ መጠን የለውም፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስሜን በጠሩ ቁጥር ይበልጥ ተኮማተርኩ። የቲቸር አልማዝ ድምፅ ሲሰበር ሰማሁ፣ እያለቀሰች እንደሆነ አወቅሁ፣ ያም ሆኖ አፌ አልከፈት አለኝ።

ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። ፊሽካውም፣ ጩኸቱም ቆመ። ልጆቹን ዝም ያሰኟቸው አባባ ሀንዲኖ እንደሆኑ ኋላ ነው የሰማሁት። በዚያ ጸጥታ መካከል የእሳቸው ድምፅ፣ ማታ ማታ ከባልዲው እሳት አጠገብ የማውቀው ያው ድምፅ፣ ብቻውን መጣ።

«ተረት ተረት!»

ቀን ነበር። ጉም ቢሆንም፣ ፀሐይዋ ባትታይም፣ ቀትር ነበር።

«የላም በረት!» አልኩ። እኔ አላልኩትም፤ አፌ ነው ያለው። ለስሜ ያልመለስኩት ልጅ ለተረት መለስኩ።

ትንሽ ቆይተው ደገሙት፤ እኔም መለስኩ። ድምፃቸው በእያንዳንዱ ጊዜ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው መጀመሪያ ከዘራቸው፣ ቀጥሎ እጃቸው፣ ከዚያ ፊታቸው ከጉሙ ወጣ። አልተቆጡኝም። ጎንበስ ብለው ሁለቱንም ጫማዬን አሰሩልኝ፣ አጥብቀው። ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብለው «በረቱ ተዘጋ!» ብለው ተጣሩ። ከላይ የሰማሁትን የልጆች እልልታ እስክሞት አልረሳውም።

ጉሙ ስለበረታ ጫፉ ሳይደረስ መመለስ ግድ ሆነ። ተከስተ ከጫፉ አሥር እርምጃ ሲቀረው ነበር የተመለሰው፤ ይህን ለእያንዳንዳችን በተራ ነገረን። ለእኔ ግን አልነገረኝም፤ አኩርፎኝ ነበር። ቢሆንም ስንወርድ፣ ማንም ሳያዘው፣ ከእኔ ኋላ ገብቶ ተሰለፈ። ከኋላዬ ልጅ ሲኖር ያ የመጀመሪያዬ ነው። አባባ ሀንዲኖ ልጆቹ በጉሙ ውስጥ ከድምፃቸው እንዳይለዩ እስከ ግርጌ ድረስ ጮክ ብለው ተረት ተረቱልን፣ በቀን፣ ያውም ሦስት። ታች ስንደርስ ያሳሰበኝን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ላምዎ ብትጠፋስ?»

«ላም ብትጠፋ ትፈለጋለች» አሉ። ከዚያ ቀጭኗን ላም አየት አድርገው፣ «ልጅ ስሙ ሲጠራ አጥፍቻለሁ ብሎ ይፈራል። ተረት ሲጠራ ማን ይፈራል?» አሉኝ።

ቲቸር አልማዝ ያን ማታ ሱቃችን ድረስ መጥታ ለአባቴ እውነቱን ሳትደብቅ ነገረችው። ሊጮህ ነው ብዬ ስኳር ጆንያው ጀርባ ተደብቄ ነበር። «ለሚቀጥለው» አለ አባቴ፣ «ማሰሪያ የሌለው ጫማ እገዛላታለሁ።» ለሚቀጥለው የምትለዋን ቃል ስሰማ እዚያው ጆንያው ጀርባ አለቀስኩ። ርዕሰ መምህሩም ጣቶቻችንን አይተው የተቧጠጠ አላገኙም። በዓመቱ ያን ጫማ አድርጌ ጫፉ ላይ ወጣሁ። ተከስተ ግን አልነበረም፤ ቤተሰቦቹ ወደ ሾኔ ሄደው ነበር።

ላሟ? ከጉዞው በኋላ በወሩ እውነትም አንድ ሌሊት ጠፍታ አደረች፤ ጠዋት ከጎረቤት እንሰት ውስጥ ተገኘች። አባባ ሀንዲኖ ይህን ሲነግሩን ሕጋቸው በመረጋገጡ ከላሟ መገኘት ይልቅ የተደሰቱ ይመስሉ ነበር።

አሁን እሳቸው የሉም። እኔ ሆሳዕና ውስጥ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ በየዓመቱም ልጆቼን ወደ አምበሪቾ እወስዳለሁ። ተራራው ደረጃ ተሠርቶለታል፤ መጥፋት ቀርቶ መሳሳትም ይከብዳል። መድከምና ማፈር ግን ደረጃ ላይም አለ። ስለዚህ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ልጅ ኋላ ነኝ። ሰዎች የተረቶቹን ትምህርት ታስታውሻለሽ ወይ ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹን ረስቼአቸዋለሁ፤ ጅቡና ጦጣዋ ተደባልቀውብኛል። የቀረኝ፣ አንድ ሽማግሌ ሕጉንም ላሙንም ለእኔ ሲል አሳልፎ መስጠቱ ነው። ምስጋናዬን በወጉ ሳልነግራቸው መሄዳቸው ይቆጨኛል፤ ለዚህ ነው አሁን የምጽፈው።

ባለፈው ዓመት የወሰደን ሹፌር ተከስተ ነው። ከሾኔ ተመልሶ መናኸሪያችን ውስጥ ቅጥቅጥ ይነዳል፤ ባየኝ ቁጥር «አሥር እርምጃ ነበር የቀረኝ» ሳይለኝ አያልፍም። መኪናውን አቁሞ ከልጆቹ ጋር ከፊት ወጣ። ጫፉ ሊደረስ ሲል ጉም ወረደ፤ መጨረሻ የነበረችው ልጅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ማሰሪያዋን ፈትታ እንደገና ማሰር ጀመረች። ሳያት ቆየሁ። ከዚያ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ለእሷ ብቻ እንዲሰማ አድርጌ፣ «ተረት ተረት» አልኳት። «የላም በረት» አለች፣ አንገቷን እንደደፋች። ጮክ ብዬ ደገምኩት። በዚህ ጊዜ ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ክፍሉ በሙሉ መለሰ፤ ከልጆቹም መካከል አንድ ወፍራም የሹፌር ድምፅ ነበረበት፣ ከጫፉ ላይ።

ልጅቷ ተነሳች። አባባ ሀንዲኖ ቢሰሙን ኖሮ በከዘራቸው ወደ ሰማይ እያሳዩ፣ «ገና አለች» ብለው ይቆጡን ነበር።